ኤአይ ዘበኛ ቀጥረን ያየነው ጉድ፦ የሁለት ዓመት ሪቪው፣ ከ5 ኮከብ 3

መጀመሪያ ማን እንደሆንኩ ልናገር። ቃሊቲ አካባቢ ያለ የትራንዚት ቢሮ (የደንበኛን ዕቃ ከጉምሩክ የሚያስለቅቅ) ውስጥ አይቲ ነኝ፣ አይቲ ማለት ደሞ ኔትወርኩም ፕሪንተሩም ካሜራውም ኪቦርድ ላይ የፈሰሰ ማኪያቶም የኔ ጉዳይ ነው ማለት ነው። 40 ኮምፒውተር አለን፣ ዲክላራሲዮን (ለጉምሩክ የሚቀርብ የዕቃ መግለጫ) የሚሞሉ ልጆች፣ ሒሳብ ክፍል፣ ሞጆ ደረቅ ወደብ የሚውሉ ሁለት ሰዎች፣ ጅቡቲ ያለ ወኪል። መስከረም 2016 ላይ ባለ ኤአይ የሴኪውሪቲ ሶፍትዌር ገዛን። ስሙን አልጠራም፣ የሸጠልንንም ሪሴለር (አከፋፋይ) አልጠራም፣ አሁንም ደንበኛቸው ነኝ፣ ደሞ የሌሎቹንም ውል አንድ ሁለቱን አንብቤ ያው ነው ያልኩት።

ምን እንደሚሰራ ባጭሩ፦ እያንዳንዱ ኮምፒውተር ላይ ኤጀንት የሚባል ትንሽ ፕሮግራም ይጫናል። እንደ ድሮው አንቲቫይረስ የቫይረስ ዝርዝር ይዞ የሚያመሳክር ብቻ አይደለም፣ ጸባይ ነው የሚያየው። ማን በስንት ሰዓት ገባ፣ የትኛው ፕሮግራም የትኛውን ከፈተ፣ ፋይሉ ወዴት ሄደ። አንድ ወር ገደማ ቢሮውን «ያጠናል»፣ ከዛ ያልለመደው ነገር ሲያይ ነጥብ ይሰጣል፣ ነጥቡ ከፍ ካለ ማንንም ሳይጠይቅ ኮምፒውተሩን ከኔትወርክ ቆርጦ ያወጣዋል። ቢሮ ውስጥ ስሙ «ዘበኛው» ሆኖ ቀረ።

ጥሩውን ጎኑን ልናገር፣ አለበለዚያ ግፍ ይሆንብኛል። የመጀመሪያው ዓመት ጥር ላይ አንድ አዲስ ልጅ ክራክ የሆነ ፕሮግራም በፍላሽ ይዞ መጥቶ በምሳ ሰዓት ጫነው። እኔ ሽሮ እየበላሁ ነው። ፕሮግራሙ የጋራ ፎልደሩ ላይ ያሉ ፋይሎችን አንድ በአንድ መቆለፍ ጀመረ፣ ዘበኛው ወዲያው ቆረጠው፣ የተበላሹት 11 ፋይሎች ብቻ ነበሩ፣ ከባክአፕ መለስኳቸው። የቢሮው ባለቤት ጋሼ «እግዜር ይስጠው» አሉ ለሶፍትዌሩ። ለዚህ ብቻ ሁለት ኮከብ እሰጣለሁ፣ ሦስተኛዋ ዳሽቦርዱ ጥሩ ስለሆነ ነው።

እንግዲህ ወደ ጉዱ።

አንድ ዓርብ ከቀኑ 9 ሰዓት ላይ ነው። አንዱ ዲክላራንት ለጉምሩክ የሚገባ ደብዳቤ በአማርኛ እየጻፈ ነበር፣ በዛ በድሮው የግዕዝ መጻፊያ ሶፍትዌር። ልጁ ስልክ ላይ ያለውን አዲሱን ኪቦርድ አይወድም፣ ጣቱ የለመደው ያንን ነው። አሁን እንዴት እንደሚሰራ አስቡት፣ መጻፊያው በኪቦርዱና በማይክሮሶፍት ወርድ መሀል ተቀምጦ የምትነካውን ቁልፍ ሁሉ እየቀለበ ወደ ፊደል ይቀይርልሃል። እኛ ይሄን ስናይ አማርኛ መጻፍ ነው የምንለው። ዘበኛው ግን የሰውን ኪቦርድ እየሰረቀ የሚመዘግብ ሰላይ ነው ብሎ 94 ነጥብ ሰጠው። ኮምፒውተሩን ቆረጠው። በዛ ኮምፒውተር ላይ ደሞ ሲንግል ዊንዶው (የጉምሩክ ሰነድ የሚገባበት ሲስተም) ተከፍቶ የሁለት ባለ 40 ጫማ ኮንቴነር ሰነድ በግማሽ ቆሟል።

እኔ የት ነበርኩ? ሞጆ። ራውተር ልቀይር። ስልኬ ላይ 14 ሚስድ ኮል። አለርቱን (ማስጠንቀቂያውን) አይቶ የተቆረጠውን ኮምፒውተር የሚለቅ አድሚን እኔ ብቻ ነኝ፣ ኔትወርክ ያገኘሁት ከሰዓት 11 ሰዓት አልፎ መንገድ ላይ ነው፣ ስለቀው ቢሮው ተዘግቷል። ቅዳሜ እሁድ መጣ፣ ኮንቴነሮቹ ነጻ ቀናቸውን ጨረሱ፣ ዲመሬጅ (ኮንቴነሩ ስለቆየ የሚከፈል ቅጣት) እና የወደብ ኪራይ መቁጠር ጀመረ። ሰኞ ጠዋት ደንበኛው ቢሮ ድረስ መጥቶ «እኔ የናንተን ሶፍትዌር አላውቅም፣ የማውቀው እናንተን ነው» አለን። ምን ትለዋለህ? ልክ ነው። ከፈልን። ብሩን አልጽፈውም፣ ከኔ የሁለት ወር ደሞዝ በላይ ነው።

ጋሼ «ለሻጮቹ ጻፍና ይክፈሉ» አሉኝ። ጻፍኩ። መልሱ በትህትና የተሞላ ነበር፣ «ውሉን ይመልከቱ» ይላል። ተመለከትኩ። ሲገዛ ማንም ያላነበበው 31 ገጽ እንግሊዝኛ ነው፣ እኔም ወደ ታች ስቤ «እስማማለሁ» ያልኩበት። ሦስት ነገር አገኘሁበት። አንደኛ፣ ሶፍትዌሩ በራሱ የሚወስደው ማንኛውም እርምጃ ደንበኛው ባዘዘው መሠረት እንደተወሰደ ይቆጠራል። ሁለተኛ፣ ምንም ጉዳት ቢደርስ ካሳው ባለፉት 12 ወራት ከከፈልነው ክፍያ አይበልጥም፣ እሱም ቢሆን የቀረ ትርፍንና ሦስተኛ ወገን የሚጠይቀውን አይጨምርም፣ የኛ ደንበኛ ደሞ ሦስተኛ ወገን ነው። ሦስተኛ፣ ክርክር ካለ በአሜሪካ አንድ ስቴት ሕግ፣ እዛው ሄዶ በግልግል።

የመጀመሪያዋ ናት ያንገበገበችኝ። ምክንያቱም ስጭን «አውቶማቲክ እርምጃ፦ የሚመከር» የሚል ቁልፍ ነበረ፣ እኔ ደሞ የሚመከር ከተባለ ብዬ ነካሁት። ስለዚ በወረቀት ደረጃ ያን ዓርብ ኮምፒውተሩን የቆረጥኩት እኔ ነኝ፣ ሞጆ ራውተር ላይ ተንጠልጥዬ እያለሁ። ሻጩ ልጅ ሲሸጥልን ግን «ራሱ ያስባል፣ ራሱ ይወስናል» ነበር ያለን። ሲሸጥ ራሱ ይወስናል፣ ሲሳሳት አንተ አዘሃል።

ጠበቃ የሆነ የሰፈር ልጅ አለ፣ ቡና ላይ ይዤው ውሉን አሳየሁት። የ1952ቱ የፍትሐብሔር ሕጋችን ተዋዋዮች ኃላፊነታቸውን በውል እንዲወስኑ ይፈቅዳል፣ ጣሪያ ማስቀመጣቸው ብቻውን ሕገወጥ አይደለም አለኝ። ከባድ ጥፋት ነው ብለህ መከራከር ትችል ይሆናል፣ ግን የት ሄደህ ነው የምትከራከረው፣ ለቲኬቱ ብቻ ከዲመሬጁ በላይ ታወጣለህ። ሳቀ። እኔ አልሳቅኩም።

ለነገሩ ከኛ በላይ ትልልቆቹም እዚሁ ጥያቄ ላይ ናቸው። ክራውድስትራይክ የሚባለውን የአሜሪካ የሴኪውሪቲ ሶፍትዌር ኩባንያ ታስታውሳላችሁ አይደል፣ ሐምሌ 12 ቀን 2016፣ አንድ የተበላሸ አፕዴት ልኮ ማይክሮሶፍት ባወጣው ግምት 8.5 ሚሊዮን የዊንዶውስ ኮምፒውተር ሰማያዊ ስክሪን አለበሰ። እርግጥ እሱ የኤአይ ውሳኔ ሳይሆን የአፕዴት ስህተት ነው፣ ግን የሕጉ ጥያቄ አንድ ነው። ዴልታ አየር መንገድ ወደ 7000 በረራ ሰርዤ 500 ሚሊዮን ዶላር ገደማ ከሰርኩ ብሎ አሜሪካ ጆርጂያ ስቴት ፍርድ ቤት ከሰሳቸው፣ እነሱ ደሞ ውላችን ኃላፊነታችንን በጥቂት ሚሊዮን ዶላር ይወስነዋል አሉ። ግንቦት 2017 ላይ ዳኛዋ ከባድ ቸልተኝነት የሚለውን ጨምሮ አብዛኛው ክስ እንዲቀጥል ፈቀዱ። ዴልታ ጠበቃ አለው። ቃሊቲ ያለ የትራንዚት ቢሮ ግን ጠበቃው ቡና ጋብዞ የሚያገኘው የሰፈር ልጅ ነው።

አሁን ወደሚከብደኝ ታሪክ ልሂድ። ሶፍትዌሩ ላይ ከሌባ ሌላ የቤት ሰውንም የሚመዝን ነገር አለ፣ እያንዳንዱ ሠራተኛ ከ100 ነጥብ አለው፣ ዳሽቦርዱ ላይ በቀይ በቢጫ በአረንጓዴ። ስንገዛ እንደዚህ አይነት ነገር እንዳለው እንኳን አላወቅኩም፣ ፓኬጁ ውስጥ ነበር። አንድ ሰኞ ከሒሳብ ክፍል አንዷ ልጅ 87 ሆና ቀይ በርታለች። ምክንያት ብሎ የጻፈው «ያልተለመደ ሰዓት፣ ያልተለመደ ቦታ፣ ያልተለመደ የፋይል ብዛት» ነው። ጋሼ ከኋላዬ ቆመው አዩት። አንድ የደንበኛ ዋጋ ለተፎካካሪ የወጣበት ጊዜ ነበር፣ እና ሰውዬው ወዲያው ደም ፍላት ውስጥ ገቡ፣ «አሰናብቷት» አሉ። እግዚአብሔር ይስጣት እትዬ፣ የሒሳብ ኃላፊዋ፣ «እስቲ ቆይ አንድ ቀን ስጡኝ» አለቻቸው።

ልጅቷ ከወሊድ ፈቃድ ከተመለሰች ገና አንድ ወሯ ነው። በሕጉ ከወሊድ በፊት 30፣ ከወሊድ በኋላ 90 ቀን ነው፣ አራት ወር አልነበረችም። ዘበኛው ቢሮውን እንደገና ያጠናው በነዛ አራት ወራት ውስጥ ነው፣ ትልቅ አፕዴት ተጭኖለት። ስለዚ እሱ በሚያውቀው ቢሮ ውስጥ እሷ የለችም። ስትመለስ ደሞ ቀን ልጁን ለማጥባት ቶሎ እየወጣች፣ ቀሪውን ሥራ ሌሊት ልጁ ሲተኛ ከቤት በቪፒኤን (ከቢሮው ኔትወርክ ጋር በሚያገናኝ መስመር) ትጨርሳለች፣ ያውም በእትዬ ፈቃድ። ዘበኛው ያየው ግን ከዚህ በፊት የማያውቃት ሰው ከሌሊቱ 8 ሰዓት ላይ ከማያውቀው ቦታ የአራት ወር ሒሳብ ስታወርድ ነው። ከሱ ጎን ሆነህ ስታየው አይፈረድበትም። ከሷ ጎን ሆነህ ስታየው ወልዳ ስለመጣች ሌባ ተባለች።

ብናሰናብታት ኖሮ ምን ይፈጠር ነበር? ለጠበቃው ነገርኩት፣ ቡናው እኔ ጋር ነው አሁን። የአሠሪና ሠራተኛ አዋጅ 1156/2011 ያለ ማስጠንቀቂያ ስታሰናብት ምክንያቱን በጽሁፍ ስጥ ይላል፣ ምክንያቱን ካወቅክበት ጀምሮም 30 የሥራ ቀን ነው ያለህ። «ደብዳቤው ላይ ምን ብለህ ትጽፍ ነበር? ኮምፒውተሩ 87 ሰጥቶሻል ልትል ነው?» አለኝ። ዳኛው 87ቱ ከየት መጣ ብሎ ይጠይቃል። እኔም ሻጮቹን ይሄንኑ ጠይቄ ነበር፣ የትኛው ምክንያት ስንት ነጥብ እንደሰጠ ንገሩኝ አልኩ፣ ሞዴሉ የድርጅቱ የንግድ ሚስጥር ነው አሉኝ። ሚስጥር የሆነ ነገር ይዘህ ፍርድ ቤት ትቀርባለህ? ማሽኑ ምሎ አይመሰክር፣ መስቀለኛ ጥያቄ አይመልስ። ከስር ያለው ሎግ (መዝገቡ) ማስረጃ ሊሆን ይችላል፣ በስንት ሰዓት የትኛው ፋይል ወረደ የሚለው። ነጥቡ ግን የአንድ ሰውዬ ግምት ነው፣ ሰውዬው ደሞ ሰው አይደለም።

እዚህ ላይ አውሮፓዎቹ ቀድመው ነቅተዋል። የቡና ላኪ ደንበኞች አሉን፣ ከመሀላቸው አንዱ የጀርመን ገዢው የላከለትን የጥያቄ ፎርም ወደኛ አስተላለፈው፣ አገልግሎት ሰጪዎቻችሁ ሠራተኛ የሚከታተል ኤአይ ይጠቀማሉ ወይ የሚል አንድ ረድፍ አለው። ምን ማለት ነው ብዬ ሳነብ አመሸሁ። እ.ኤ.አ. ኦገስት 2024 የጸናው የአውሮፓ ኅብረት የኤአይ ሕግ፣ ለሳይበር ደህንነት ብቻ የተሰራን ነገር ወደ ከፍተኛ አደጋ ምድብ ላለማስገባት መግቢያው ላይ ጠቅሶታል፣ የሠራተኛን ጸባይ የሚከታተልና የሚመዝን ኤአይን ግን ከፍተኛ አደጋ ነው ይላል። አሁን የኛ ዘበኛ የቱ ጋ ነው? ቫይረስ ሲይዝ አንደኛው ላይ፣ ልጅቷን 87 ሲሰጣት ሁለተኛው ላይ፣ ያው አንድ ሶፍትዌር፣ አንድ ላይሰንስ። እ.ኤ.አ. ዲሴምበር 2023 ደሞ የኅብረቱ ፍርድ ቤት በአንድ የጀርመን የብድር መዛኝ ድርጅት ጉዳይ፣ ወሳኙ ሰው በነጥቡ ላይ በጣም ከተደገፈ ነጥቡን መስጠት ራሱ በማሽን የተወሰነ ውሳኔ ነው ብሏል። ጋሼ ከኋላዬ ቆመው ያሉትን አስቡት። የኛም የግል ዳታ ጥበቃ አዋጅ 1321/2016 በማሽን ብቻ የሚወሰን ውሳኔ ላይ ለሰዎች መብት ይሰጣል፣ ስለዚ ይሄ የፈረንጅ ቅንጦት ነው እንዳትሉ። ነጥቡን ዘግቼዋለሁ፣ ጋሼም ዳሽቦርዱ ላይ የሚያዩት የኮምፒውተር እንጂ የሰው ስም አይደለም።

ሌላው፣ ዘበኛው ብሮውዘር ውስጥ ገብቶ የተመሰጠረውን ትራፊክ ፈትቶ ያያል። ይሄን ያወቅኩት እትዬ «ባንኬን በኢንተርኔት ስከፍት ያየኛል እንዴ?» ብላ ስትጠይቀኝ ነው። አያይም ልል አፌን ከፍቼ ሴቲንጉን ሳየው ያያል። ባንክና ጤና የሚሉትን ዝለል የሚል ምርጫ አለ፣ ተዘግቶ ነው የመጣው። ሕገ መንግሥቱ አንቀጽ 26 ላይ ሰው በስልክ፣ በቴሌኮሙኒኬሽንና በኤሌክትሮኒክስ መሣሪያ የሚያደርገው ግንኙነት አይደፈርም ይላል። የኮምፒውተር ወንጀል አዋጁ 958/2008 ደሞ ያለፈቃድ ወይም ከፈቃድ በላይ የሌላን ሰው ዳታ መጥለፍን ወንጀል አድርጎታል፣ አንቀጽ 4፣ ርዕሱ ራሱ «ሕገወጥ ጠለፋ» ነው። ኮምፒውተሩ የቢሮው ነው፣ እሺ፣ የቢሮው ኮምፒውተር ላይ የተከፈተው የእትዬ የግል ኢሜይል ግን የማን ነው? ሠራተኛው ሳያውቅ ከሆነ ፈቃድ የት አለ? አንድ ዓመት ሙሉ እኔ ሳላውቀው ጠላፊ ልሆን ነበር፣ ያውም ደሞዝ እየተከፈለኝ።

ያደረግኩት ይሄ ነው፣ ለሌሎች አይቲዎች ይጠቅም ይሆናል፦ ባንክና ጤናን ዘለልኩ፣ ከዛ በአማርኛ አንድ ገጽ ወረቀት ጻፍኩ፣ ምን እንደሚታይ፣ ማን እንደሚያይ፣ ስንት ቀን እንደሚቀመጥ፣ ሁሉም አንብቦ ፈረመ። እንግሊዝኛውን ፖሊሲ ኮፒ አድርጎ ማስፈረም ይቻል ነበር፣ ግን ጥበቃው ላይ ያሉት ጋሽዬም የኮምፒውተር አካውንት አላቸው፣ የመግቢያ መዝገብ ይሞላሉ፣ ያላነበቡትን እሺ ቢሉ ምኑ ፈቃድ ነው። ፊርማውን ስሰበስብ ሁለት ልጆች የግል ቴሌግራማቸውን ከቢሮ ኮምፒውተር ላይ ወዲያው አጠፉ። ጥሩ።

ዳታው የት ነው የሚቀመጠው የሚለው ራሱን የቻለ ኮሜዲ ነው። የሻጮቹ ድረ ገጽ ላይ ቻትቦት አለ፣ ገና ሳንገዛ ጠይቄው «የደንበኛ ዳታ በአካባቢዎ ባለ ዳታ ሴንተር ይቀመጣል» ብሎኛል፣ ስክሪንሾቱ አለኝ። ውሉ ላይ ግን አየርላንድ ነው። አዋጅ 1321 መጋቢት 2016 ፓርላማ ካጸደቀው ወዲህ የግል ዳታን ከአገር ማውጣት ዝም ብሎ የሚደረግ ነገር አይደለም፣ ሁኔታዎች አሉት፣ ተቆጣጣሪውም የኢትዮጵያ ኮሙኒኬሽን ባለሥልጣን ነው። ዘበኛው ደሞ ሲጠራጠር ፋይሉን ራሱን ነው ለምርመራ ወደ ላይ የሚልከው፣ የኛ ፋይል ውስጥ ምን አለ? የደንበኛ ቲን ቁጥር፣ ፓስፖርት ኮፒ፣ የባንክ ፈቃድ። ስለ ቻትቦቱ ስጠይቃቸው «ቻትቦቱ ለጠቅላላ መረጃ ነው» አሉኝ። ካናዳ ውስጥ አንድ አየር መንገድ ቻትቦቱ ተሳፋሪ አሳስቶበት፣ ቻትቦታችን ለብቻው ተጠያቂ ነው ብሎ ተከራክሮ እ.ኤ.አ. ፌብሩዋሪ 2024 ተረትቷል፣ ድረ ገጽህ ላይ ያለው ሁሉ ያንተ ቃል ነው ተብሎ ለተሳፋሪው ከፈለ። ይሄን ሊንክ ላክሁላቸው። ዝም።

72 ሰዓቷን ሳልረሳ። አዋጅ 1321 የግል ዳታ ከተጣሰ በ72 ሰዓት ውስጥ ለባለሥልጣኑ አሳውቅ ይላል። አንድ ዓርብ (ዓርብ ምን አድርጌው እንደሆነ እንጃ) ከምሽቱ 1 ሰዓት ላይ «የዳታ መውጣት፣ እርግጠኝነት 91%» የሚል አለርት ስልኬ ላይ መጣ። ከደንበኞች ፎልደር ብዙ ጊጋ ወደ ውጪ እየሄደ ነው። ሰዓቱ ከአሁን ጀምሮ ይቆጠራል? ማሽኑ «አወቀ»፣ እኔስ አውቄያለሁ? ማሽኑን የቀጠርኩት እንዲያውቅልኝ ነው፣ ነገ አላወቅኩም ብል ማን ያምነኛል፣ ግን ባወቀ ቁጥር ባለሥልጣኑ ጋ ብሮጥ በወር ስድስት ጊዜ ነው የምሄደው። አውሮፓ ላይ ያለው መመሪያ ሰዓቱ የሚነሳው በበቂ ደረጃ እርግጠኛ ስትሆን ነው፣ ለማጣራት ትንሽ ጊዜ አለህ፣ ማጣራቱን ግን ወዲያው ጀምር ይላል። እኔም እሱን ይዤ ቅዳሜ ጠዋት ቢሮ ገባሁ። ሞጆ ያለው ልጅ ነው፣ ላፕቶፑ ሊበላሽ መስሎት ፎልደሩን በሙሉ የግል ጉግል ድራይቩ ላይ እየጫነ ነበር። ሌባ አይደለም፣ ግን የደንበኛ ፓስፖርት የሰው የግል ድራይቭ ላይ ሄዷል፣ ይሄ ጥሰት ነው ወይስ አይደለም? እሁድን ስንከራከር ዋልን፣ ልጁ ፊቴ አጠፋው፣ ከትራሹም ጭምር፣ ማን እንዳየው አጣራን፣ ሊንኩን ለማንም አላጋራም። ሁሉንም ጽፈን ፋይል አደረግነው፣ በስንት ሰዓት ማን ምን እንዳወቀ፣ በደቂቃ። ነገ አንድ ሰው ቢጠይቅ ያቺ ወረቀት ናት የምታድነን። አለርቱ ራሱ ግን በ30 ቀን ከሲስተሙ ይጠፋል፣ ረዘም ላለ ጊዜ ማስቀመጥ ተጨማሪ ክፍያ አለው፣ ስለዚ ፒዲኤፍ አድርጌ አወረድኩት።

አማርኛ ላይ ዜሮ ነው። ጅቡቲ ካለው ወኪል የመጣ የሚመስል ኢሜይል ለእትዬ ደረሳት፣ የባንክ ሒሳባችን ስለተቀየረ ክፍያውን ወደዚህ ይላኩ የሚል። እንግሊዝኛ ቢሆን ዘበኛው በጩኸት ያፈርሰው ነበር፣ አይቻለሁ። ይሄ በአማርኛ ስለሆነ ከ100 አራት ነጥብ ሰጥቶ አሳለፈው። የያዘችው እትዬ ናት። ኢሜይሉ «ውድ እመቤት ሆይ» ብሎ ነው የሚጀምረው። ወኪላችን በሕይወቱ ውድ እመቤት ብሎ አያውቅም፣ «እትዬ እንዴት ከረምሽ፣ ልጆቹ ደህና?» ነው የሚለው፣ ሁለት መስመር ስለ ጅቡቲ ሙቀት ያማርራል፣ ከዛ ነው ገንዘብ የሚጠይቀው። ወኪሉን ደውላ ጠየቀችው፣ ምንም አልላከም። ብትከፍል ኖሮ ያ ውል ምን እንደሚል አሁን ታውቃላችሁ።

ባጠቃላይ እንዲህ አይነቱ ዘበኛ እንደሚታለል ድሮም ይታወቃል። እ.ኤ.አ. በ2019 ተመራማሪዎች ሳይላንስ የሚባለውን ባለ ኤአይ አንቲቫይረስ ከአንድ የታወቀ የመኪና ጌም ውስጥ የወሰዱትን ጽሁፍ ቫይረሱ መጨረሻ ላይ በመለጠፍ ብቻ ጥሩ ፋይል ነው አስብለውታል። ጋቢ ለብሶ የሰርግ ቤት ገባ እንደማለት ነው።

ዋጋ። በኮምፒውተር በወር 5 ዶላር ነው፣ በዓመት 2400 ዶላር። መጀመሪያ ስንገዛ ወደ 135 ሺህ ብር ነበር። ሐምሌ 22 ቀን 2016 ብሩ በገበያ ይተመን ሲባል ዶላሩ ከ57 ተነስቶ በሳምንታት ከ100 አለፈ፣ መስከረም ላይ ስናድስ 280 ሺህ ገደማ ከፈልን፣ አንድም አዲስ ነገር ሳይጨመር። ጋሼ ያን ቀን «እግዜር ይስጠው» አላሉም።

ሰርቪሳቸው ፈጣን ነው፣ ቴክኒካል ጥያቄ በሰዓት ውስጥ ይመልሳሉ፣ ትህትናቸውም ጥሩ ነው። የሕግ ጥያቄ ስትጠይቅ ግን ስልኩ ከእጅ ወደ እጅ ይሄዳል፣ ሪሴለሩ ወደ አምራቹ፣ አምራቹ ወደ ውሉ፣ ውሉ ወደ አንተ።

አሁን አውቶማቲኩን ለሁለት ነገር ብቻ ነው የተውኩት፣ ፋይል ሲቆለፍና የታወቀ ቫይረስ ሲገኝ። ሌላው ሁሉ እኔን ወይ እትዬን ጠይቆ ነው፣ አዎ እትዬም አድሚን ሆናለች፣ ከኔ የተሻለ ትጠራጠራለች። የግዕዝ መጻፊያውን ፈቅጄለታለሁ፣ ዲክላራንቱ ግን እስካሁን ደብዳቤ ሊጽፍ ሲል አንገቱን አውጥቶ «ዘበኛው ይቆጣል እንዴ?» ይለኛል።

መስከረም ላይ ልናድስ ነው። በዚህኛው ዙር ከመክፈላችን በፊት ጠበቃውን ይዤ (ምሳ ነው የጠየቀው፣ ቡና አልበቃውም) አራት ነጥብ ጽፌ ልኬያለሁ፦ በራሱ ውሳኔ ሲሳሳት እኛ እንዳዘዝነው አይቆጠር፣ ጣሪያው ወደ ሦስት ዓመት ክፍያ ይደግ፣ ነጥብ የሰጠበት ምክንያት ሲጠየቅ በጽሁፍ ይሰጠን፣ ፋይል ወደ ውጪ ከመላኩ በፊት ይጠይቀን። ሁለተኛውንና አራተኛውን እናያለን ብለዋል፣ አንደኛዋን «ሊጋል እያየው ነው» ካሉኝ ዛሬ ሦስት ሳምንት ሆነው። መልስ ሲመጣ ኮከቡን ኤዲት አደርገዋለሁ።